የአሮጌው ተሳቢ ወለል በምን ይቀየር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በቅርቡ አንድ ያገለገለ ተሳቢ ገዛሁ። ጎንም ጣሪያም የሌለው ዝርግ ተሳቢ ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር ከ40 ነው። ወለሉ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ሲሆን አሁን አንዳንዱ ቦታ እግር ያሰምጣል። ከሥር ያሉት አግዳሚ ብረቶች በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተበየዱ ናቸው። ብዙ ጊዜ የምጭነው ሲሚንቶና የግንባታ ብረት ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ 2 ቶን የምትመዝን ትንሽ ትራክተር እጭናለሁ። በያጁ «አሮጌው ላይ ላሜራ ልምታበትና ልገላግልህ» ይለኛል። አናጺው «ባህር ዛፍን የሚያህል የለም» ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ «ኮምፔንሳቶ ዘርግተህ ዕረፍ» አለኝ። ሁሉም ሲያወሩ ልክ ይመስሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስቱም አልዋሹህም። እያንዳንዱ እጁ የለመደውን ነው የነገረህ። እኔ ግን «ከምን ይሠራ?» ከማለቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ። ውሃው የሚቆመው የት ነው? ከባዱ ክብደትስ የሚያርፈው የትኛዋ ቦታ ላይ ነው? የተሳቢ ወለል የሚሞተው በነዚህ በሁለቱ ነው። እነሱን ካወቅህ ምርጫው ራሱ እየጠበበ ይመጣልሃል።

በመጀመሪያ የበያጁን ሐሳብ ከመንገድ እናንሳው። የበሰበሰ እንጨት ላይ ላሜራ መምታት ቁስል ሳያጥቡ በፋሻ መጠቅለል ነው። ለጊዜው ያምራል። ውሃው ግን በብሎኑ ቀዳዳና በላሜራው ጠርዝ ሾልኮ ይገባና መውጫ ያጣል። ፀሐይና ነፋስ ስለማያገኘው እንጨቱ መበስበሱን ይቀጥላል፣ ላሜራውም ከሥሩ ይዝጋል። አንተ ጉዱን የምታየው የትራክተሩ ጎማ ሲሰምጥ ነው። አሮጌው ወለል ይነሳ። ይህ ላይ አልደራደርም።

ስታነሳው አንዱን ጣውላ ገልብጠህ ቀረብ ብለህ እየው። ላይኛው ገጽ ግራጫ ሆኖ በስሱ ቢሰነጣጠቅ አይግረምህ፣ ፀሐይ ያደረገው ነው። ዋናው ነገር ያለው ከሥር፣ ጣውላው አግዳሚው ብረት ላይ ባረፈበት መስመር ላይ ነው። እዚያ ጋ እንጨቱ ጠቁሮ፣ ትንንሽ አራት ማዕዘን እየሠራ ተሰነጣጥቆ ታገኘዋለህ። ካቻቪቴ ስትሰካበት ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። ብሎኑ የነበረበት ቀዳዳ ዙሪያውን ሰማያዊ ጥቁር ሆኗል። ብረቱ ላይ ደግሞ ዝገቱ በንብርብር አብጧል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ጣውላውን ወደ ላይ እየገፋ ብሎኑን ሲወጥር ነው የኖረው። ይህ ሁሉ የሆነው በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ውሃ ገብቶ ስላልደረቀ ነው። እንጨት አበስባሹ ፈንገስ የሚሠራው እርጥበት ሲያገኝ ነው፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የምትመርጠው ወለል ምንም ይሁን ምን፣ ከዝናብ በኋላ ቶሎ መድረቅ መቻል አለበት።

ወለሉ ተነስቶ እያለ ሻንሲውን ሳታይ አትለፍ። አግዳሚዎቹ ከዋናው ብረት ጋር የተበየዱበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ጥረግና ስንጥቅ ካለ ፈልግ። በመዶሻ መታ መታ አድርግ። ደህና ብረት ይጮሃል፣ የተበላ ብረት ደብ ይላል። ዝገቱን አራግፈህ ዚንክ ያለው ፀረ ዝገት ቀለም ቀባ፣ ከዚያ መደበኛውን ቀለም ደርብበት። የመብራት ሽቦውንና የፍሬን ቱቦውንም አሁኑኑ አይተህ የሚቀየረውን ቀይር። ብዙ ጊዜ ከአግዳሚዎቹ ሥር ታስረው ነው የሚያልፉት። በየት እንደሚያልፉ በኖራ ምልክት አድርግ፤ በኋላ በትራፓኖ ስትበሳ የፍሬን ቱቦ እንዳትበሳ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። የአንተ ወለል 14.4 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ካሬ ሜትር የብረት ላሜራ በየ1 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ብትዘረጋ 452 ኪሎ ገደማ ነው። 5 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ቢሆን 194 ኪሎ። የደረቀ የፓይን ጣውላ በ4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 290 ኪሎ ያህል፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 360 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከባድ ከሚባሉት እንጨቶች አንዱ፣ በትልልቅ ተሳቢዎች ላይ የሚታወቀው የደቡብ ምሥራቅ እስያው ኬሩዊንግ፣ በ4 ሴንቲ ሜትር 430 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ወለሉ ላይ የጨመርካት እያንዳንዷ ኪሎ ከምትጭነው ላይ ትቀነሳለች። በያጁ ይህን አልነገረህም።

ላሜራ ብቻውን፣ ያለ እንጨት፣ ይሁን ብትለኝስ? ለአንተ አልመክርህም። 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ባሉ አግዳሚዎች ላይ ተዘርግቶ የትራክተር ጎማ ሲያርፍበት ይሰረጉዳል። በሰረጎደው ውሃ ይተኛል። ወፍራም ላሜራ ካደረግህ ክብደቱ ይገድልሃል። ከዚህ ሌላ አንተ የምትጭነው ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲረጥብ እንዴት እንደሚንሸራተት ለጫነ ሰው አይነገርም። ፍሬን በያዝክ ቁጥር ጭነቱ ወደ ፊት ሊሄድ ይፈልጋል። እንጨት ግን ይይዝልሃል። ላሜራ ጥሩ የሚሆነው አሸዋና ጠጠር በአካፋ ለሚያወርድ ሰው ነው።

አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ መልኩም ያምራል። ሆኖም ሁለት ጠላት አለው፤ አንተ ጋ ሁለቱም አሉ። አንደኛው ብረት ነው። አሉሚኒየም ከብረት ጋር ተነካክቶ ከረጠበ አሉሚኒየሙ ይበላል። በመሐላቸው ጎማ ወይም ወፍራም ቴፕ ካልገባ አይሆንም። ሁለተኛው ሲሚንቶ ነው። የረጠበ ሲሚንቶ አሉሚኒየምን ያቃጥለዋል። ከረጢት ሳይቀደድ ሲሚንቶ የሚጭን ሰው ካለ አሳዩኝ!

የጓደኛህን ኮምፔንሳቶ በተመለከተ፣ ለቤት ዕቃ የሚሆነውን ማለቱ ከሆነ እርሳው። ሁለት ክረምት ሳያይ ቅጠል በቅጠል ይላቀቃል። ውሃ በማይፈታው ሙጫ የተጣበቀ፣ ፊቱ በጥቁር ወይም በቡናማ ሽፋን የተለበጠ ለተሳቢ የሚሠራ ኮምፔንሳቶ አለ። እሱ ጎበዝ ነው፤ ግን ቦታው ጣሪያ ያለው ተሳቢ ውስጥ ነው። ገላጣ ተሳቢ ላይ ውሃ የሚወርድበት ክፍተት የለውም። የተቆረጠው ጠርዝና እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ በደንብ ካልታሸገ ውሃ በዚያ ይገባል። ደግሞ አንድ ቦታ ሲጎዳ ሙሉ ሉኩን ነው የምታነሳው። ጣውላ ቢሆን አንዷን ነቅለህ አንዷን ትተካለህ።

ስለዚህ ጣውላ ነው። የትኛው ጣውላ የሚለው ላይ ነው አናጺውን የምጠይቀው። ባህር ዛፍ የአንድ እንጨት ስም አይደለም። ከ700 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት። አንዳንዱ ልቡ ብረት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ለማገዶ እንኳ ያናድዳል። ልጅ ሆኖ የተቆረጠ፣ በፍጥነት ያደገ ባህር ዛፍ ውስጡ ውጥረት አለው። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ጫፉ ይተረተራል፣ ብሎን ይዞት ካልሄደ ይነሳል። እንጨቱን ስትገዛ ጫፉን እየው። መሐሉ ላይ ያለው ጠቆር ያለው ልቡ ነው። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ነጣ ያለው ክፍል በየትኛውም ዛፍ ቢሆን ለመበስበስ የቀረበ ነው። ልቡ የበዛበት፣ ጉጡ ትንሽ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ጣውላ ምረጥ። ኦክ ካጋጠመህም ዓይነቱን ጠይቅ። የነጩ ኦክ ቀዳዳዎች የተደፈኑ ስለሆኑ ውሃ አያሳልፍም። የቀዩ ቀዳዳ ክፍት ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፣ ውጭ ሲያድር ቶሎ ይበሰብሳል።

ከሁሉ በላይ መድረቁን አረጋግጥ። ይቺን ነገር ሰው ሁሉ ይንቃታል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ሊጠብ ይችላል። ወደ ርዝመቱ ግን ለዓይን የሚታይ ለውጥ የለውም። እርጥቡን እርስ በርሱ አስጠግተህ ብትመታው ከወራት በኋላ በየመሐሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታገኛለህ፤ የብሎኑም ጥብቀት ይላላል። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ እንጨት በጥላ በአየር ብቻ በደንብ ለመድረቅ ከዓመት በላይ ሊፈልግ ይችላል። ሻጩ «ባለፈው ወር ነው የተሰነጠቀው፣ ደርቋል» ካለህ ሳቅ ብለህ እለፈው። የበሰበሰ ጣውላ አንስቶ ጥሬ ጣውላ መተካት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ሌላው አማራጭ በግፊት መድኃኒት የጠጣ የፓይን ጣውላ ነው። እንጨቱ ለስላሳ ነው፤ ባለ ሰንሰለት ማሽን ቢወጣበት ያኝከዋል። የአንተ ትራክተር ግን ባለ ጎማ ነች። መበስበስንና ምስጥን ይቋቋማል። ሦስት ነገር ልብ በል። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ መዳብ ስላለው ተራ ብሎንና ሚስማር ይበላል፤ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ወይም የማይዝግ ብሎን ይፈልጋል። ስትቆርጠው ውስጡ ያልጠጣው ክፍል ስለሚገለጥ የቆረጥከውን ጫፍ ሁሉ መድኃኒት ቀባው። ቁርጥራጩን ደግሞ አታንድደው፣ ምግብ አታብስልበት። አንዳንዱ በተለይ የድሮው መድኃኒት አርሴኒክ አለበት። አሮጌው ወለልህም ምን እንደጠጣ ስለማይታወቅ ለማገዶ አይሁን።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይሄ ነው። የበሰለ፣ የደረቀ፣ ልቡ የበዛ ጠንካራ እንጨት በዓይንህ አይተህ ካገኘህ በ4 ሴንቲ ሜትር እሱን አድርግ። ይህን ማረጋገጥ ካልቻልክ መድኃኒት የጠጣውን ፓይን በ5 ሴንቲ ሜትር ውሰድ። የ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ትንሽ አይምሰልህ። ጣውላው ከ4 ወደ 5 ሲያድግ ከመሰበር የሚቋቋመው ጉልበት በ56 በመቶ ይጨምራል። መለመጡ ደግሞ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ታዲያ ከመግዛትህ በፊት ዙሪያውን ያለውን አንጎላሬ፣ ማለትም ባለ ማዕዘኑን ብረት፣ ለካ። የጣውላውን ጫፍ ከላይ አቅፎ የሚይዝ ከንፈር ካለውና የተሠራው ለ4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ባለ 5ቱ አይገባልህም። ያኔ ወይ የጣውላውን ጫፍ ማሳሳት ወይ አንጎላሬውን መቀየር ነው።

ትራክተሯን ግን እንዳትረሳት። 2 ቶን ለ4 ጎማ እኩል አይከፋፈልም። የኋላዎቹ ይበልጣሉ፤ መወጣጫው ላይ ስትወጣ ደግሞ ይብስባቸዋል። አንድ የኋላ ጎማ ከ600 ኪሎ በላይ ትንሽ ቦታ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል። በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት መሐል ለመሐል ሲያርፍ ጣውላው የሚፈተነው ያኔ ነው። በያጁን ሥራ ስጠው፤ ጎማዎቹ በሚሄዱበት መስመር በየሁለቱ አግዳሚ መሐል አንድ አንድ ተጨማሪ አግዳሚ ያስገባልህ። ርቀቱ 30 ሲሆን የጣውላው መለመጥ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። እንጨት ከማወፈር ይልቅ ይሄ ይሻላል። ዋናው የሻንሲ ብረት ላይ የሚበይደው ግን ልምድ ያለው ሰው ይሁን፣ ያለቦታው የተበየደ ነጥብ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ብየዳው ጣውላው ከመግባቱ በፊት ይለቅ። የኋላው ጫፍ ላይም መወጣጫው የሚያርፍበትን ጠርዝ በአንጎላሬ አስለብሰው፣ መጀመሪያ የሚፈርሰው እሱ ነው።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ አላወራም። ደረቅ ጣውላ ከሆነ በየመሐሉ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተው። በመድኃኒት ገና የረጠበ ከሆነ አስጠጋው፣ ሲደርቅ ራሱ ክፍተቱን ይሠራል። ያን ክፍተት ደግሞ ሲሚንቶ ጭነህ ባወረድክ ቁጥር ጥረገው። የፈሰሰው ሲሚንቶ ዝናብ ሲያገኘው እዚያው ይጠነክርና ውሃ መውረጃውን ይደፍነዋል። በየጣውላው ጫፍ ሁለት ሁለት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ መሐል ላይ አንዱን አግዳሚ እየዘለልክ፣ ከሥር በሰፊ ሮንዴላና በማይፈታ ዳዶ አጥብቅ። የብሎኑ ራስ ከጣውላው ገጽ ትንሽ ዝቅ ይበል። የጣውላው ጫፍና እያንዳንዱ ቀዳዳ ከመገጠሙ በፊት መከላከያ ይጠጣ። ከወር በኋላ ተመልሰህ ዳዶዎቹን አንድ ዙር አጥብቃቸው። ጭነት የምታስርበት ቀለበት ደግሞ ሻንሲው ላይ ይሁን። ጣውላ ላይ የተመታ ቀለበት ጭነት ቀርቶ ፍየል አያስርም።

ጥያቄ፦ የእኔ ተሳቢ ላይ የበሰበሱት ሦስት ጣውላዎች ብቻ ናቸው። ሁሉንም መቀየር ግዴታ ነው?

መልስ፦ ግዴታ አይደለም። ቀሪዎቹን ከሥር በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርጋቸው። ደህና ከሆኑ ሦስቱን ብቻ ተካ። አዲሶቹ ግን ከአሮጌዎቹ ጋር እኩል ውፍረት ይኑራቸው። የነበሩት ተረግጠው ሳስተው ከሆነ አዲሱ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ የጎማና የከረጢት ጠላት ይሆናል። ከአሮጌው ጋር እስኪስተካከል ከሥሩ በኩል ላጥ ላጥ አስደርገው።

ጥያቄ፦ ሹፌሬ በየዓመቱ የተሳቢዬን ወለል የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። «እንጨት አይበሰብስም» ይላል። አዲስ ጣውላ ላስገባ ስለሆነ ይቀጥል ወይስ ላስቁመው?

መልስ፦ እህቴ፣ አስቁሚው። ልማዱ የቆየ ነው፣ ሹፌርሽም ክፉ አስቦ አይደለም። የተቃጠለ ዘይት ውሃን ለጊዜው ይገፋል። ግን የፈንገስ መድኃኒት አይደለም። ከሞተሩ የወጣ የብረት ብናኝና ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉበት። ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ መሬት ውስጥ ይገባል። ወለሉን ያንሸራትታል፤ ከላይ የሚወጣውን ሰው አስቢው። ከረጢትና እህል ከጫንሽ ደግሞ ሽታውም ቅባቱም ወደ ጭነቱ ያልፋል።

በምትኩ ለውጭ እንጨት የሚሠራ መከላከያ ወይም የፈላ የሚባለውን የተልባ ዘይት አስቀቢ። የተልባ ዘይቱም ቢሆን ውሃ ይገፋል እንጂ መድኃኒት አይደለም፣ ስለዚህ መከላከያ በጠጣ ወይም በተፈጥሮው በሚቋቋም እንጨት ላይ ነው የሚያምረው። ጣውላው በደንብ ደርቆ እያለ፣ በስሱ፣ ከሥርም ከላይም ይቀባ። ከተገጠመ በኋላ ላይ ላዩን ብቻ መቀባት ግማሽ ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን ለሹፌርሽ አጥብቀሽ ንገሪው። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ወይም ተከምሮ ከተጣለ፣ ማንም እሳት ሳያስነካው በራሱ ግሎ ይቀጣጠላል። ጨርቁን ውጭ ነጠላ ነጠላውን ዘርግቶ ያድርቀው፣ ወይም ውሃ በሞላው ክዳን ባለው የብረት ጣሳ ውስጥ ይጨምረው። ጋራዥ ጥግ ላይ አይወርውረው።

ጥያቄ፦ ከፕላስቲክ የተሠራ ጣውላ አየሁ። «አይበሰብስም፣ ምስጥ አይነካውም» አሉኝ። ለተሳቢ ይሆናል?

መልስ፦ አለመበስበሱ እውነት ነው። ምስጥም አይበላውም። ችግሩ ሌላ ጋ ነው። ሙቀት ሲያገኘው በጣም ይረዝማል። 6 ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ጣውላ ከጠዋት ቅዝቃዜ እስከ ቀትር ፀሐይ የ40 ዲግሪ ልዩነት ካየ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ጫፍ ለጫፍ በብሎን ካሰርከው መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ከባድ ዕቃ ለቀናት ሲቆምበትም ቀስ እያለ ይሰምጥና ወደ ቦታው አይመለስም። ሲረጥብ ያንሸራትታል። አምራቹ ለተሽከርካሪ ወለል ብሎ የሠራው ካልሆነና የሚሸከመውን ክብደትና የአግዳሚውን ርቀት በጽሑፍ ካልሰጠህ ለበረንዳህ ተወው።